የአገር ስም አደራ ነው

ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገን ሰው «አድራሻህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ረዥም ወሬ እንዲያወራ መጋበዝ ነው። የቤት ቁጥር ቢኖረውም አይናገረውም። «ከነዳጅ ማደያው ወረድ ብለህ፥ በእንጀራ መሸጫዋ በኩል ታጠፍና ሰማያዊ በር ስታይ ደውልልኝ» ይላችኋል። እንጀራ መሸጫዋ የተዘጋች ዕለት ግን እንግዳው ሲንከራተት ይውላል።

የሰፈሩ ስም ራሱ ታሪክ አለው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበር፤ ቤቶቹንም ጣልያኖቹ «ካዛ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፥ የሰፈሬ ስም መነሻው የሙያ ባልደረቦቻችሁ መኖሪያ ነው ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሄዱ። ስሙ ግን ቀረ፤ ተወለድንበት፥ ተዳርንበት፥ አለቀስንበት፥ የእኛም ሆነ።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ አሮጌው ካዛንቺስ ለከተማ ልማት ሲነሣ የእናቴም ቤት ከሚነሡት አንዱ ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። «በእንጀራ መሸጫዋ በኩል ታጠፍ» የሚባለው አድራሻ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከንቱ ሆነ። በዚያ ጊዜ ያልተበተነው የዕድራችን መዝገብ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሼ፥ ጠርዙ የተበላውን ትልቅ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ አባልም አዲሱን መኖሪያውንና ስልኩን በስሙ ትይዩ እንዲያስጽፍ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ሐዘን የደረሰበት ሰው የት እንደ ገባ አይጠፋንም። ቤቱ ፈረሰ፤ ስሙ ግን በመዝገብ ስላለ ሰውየው ይገኛል።

ይህን የዕድር መዝገብ በልባችሁ ያዙልኝ። የዛሬው ጨዋታዬ በኢንተርኔት ላይ ስላለው የአገራችን የስም መዝገብ ነውና።

እኔ ከዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተማሪዎቼ የሥነ ጽሑፍ ክበብ «ፀሐይ» የተባለ ድረ ገጽ አቋቋመ። ግጥምም፥ ተረትም፥ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሰፈር ታሪክም ይጽፉበት ነበር። ስሙን በላቲን ፊደል፥ በዶት ኮም ሥር ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ክፍያው በውጭ አገር የባንክ ካርድ ስለ ነበር በውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ከፈለልን። በአገራችን ስም፥ ማለት በዶት ኢቲ፥ ለማስመዝገብ ምን እንደሚያስፈልግ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁም። «ደብዳቤና ማኅተም ይበዛዋል» ብዬ በግምት ተውሁት።

ዓመቱ ሲሞላ የአክስቴ ልጅ ካርዱን ለውጦ ኖሮ ዕድሳቱ ሳይከፈል ቀረ። ማስጠንቀቂያውም የሄደው እርሱ ማንበብ በተወው ኢሜይል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰኞ ጧት ተማሪዎቼ ገጹን ቢከፍቱ የቁማር ማስታወቂያ ጠበቃቸው። ጽሑፎቹን ከየደብተራቸው መልሰን ለቀምናቸው፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው ሆነ። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፥ ስማችንን ማን ሸጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሸጠውም፤ እኔ በዝንጋታዬ አስወሰድሁት። ፊቷን ማየት ከበደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። የሰው ልጅ ግን ቁጥር አይያዝለትም፤ ስም ይፈልጋል። በጥንቱ ጊዜ የሁሉም ስምና ቁጥር በአሜሪካ አገር በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ በአንድ ዝርዝር ላይ ይጻፍ ነበር። ዝርዝሩ እየረዘመ ሄዶ አላስቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሊቅ መዝገቡን እንደ ዛፍ የሚከፋፍል ዘዴ አወጣ። ዋናው መዝገብ «ሥር» ይባላል። ሥሩ የሚያውቀው «ዶት ኢቲን የሚጠብቅ እገሌ ነው፥ እርሱን ጠይቅ» ማለትን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ስም ሁሉ የሚመዘግበው ጠባቂው ራሱ ነው። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ለምታውቁት ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም።

ለየአገሩ ሁለት ሁለት ፊደል ተሰጠ። የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ በዓለሙ መዝገብ የገባው ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኔ አልተወለድሁም፤ ኢንተርኔትም ገና ለሕዝብ አልተከፈተም ነበር። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ አገልግሎቱን የጀመረው በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ነውና፥ ስማችን ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ጠበቀን ማለት ይቻላል።

ከዚያም በፊት ቢሆን ሰፈሬ ከነገሩ ውጭ አልነበረም። ካዛንቺስ አጠገብ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ አፍሪካ አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተፈረመውም በዚያው አዳራሽ ነው። በዚያው ግቢ ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊዶኔት በተባለ ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና በስልክ መስመር ተደውሎ ይላካል፤ የመጣውም እንዲሁ በስልክ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ የሚወተውቱ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ፈጥረው ነበር። እንግዲህ ነገሩ ሲጀመር በአገራችን ሰው ተሰብስቦ፥ ተከራክሮ፥ ተመካክሮበታል። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። የአገር ስም ጠባቂ ማን ነው? ባለቤት ነው ወይስ ባለ አደራ?

ለዚህ መልስ የሰጠው ጆን ፖስቴል የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ለብዙ ዘመን የዓለሙን የስም መዝገብ በእጁ ይዞ ኖሯል፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፈው ሰነድ የአገር ስም ጠባቂ ባለ አደራ መሆኑን ደነገገ። አደራውም ለአገሩ ሕዝብና ለመላው የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ነው። ስለ ባለቤትነት መሟገት አይገባም፤ ማሰብ የሚገባው ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ነው። የትኛው አገር፥ አገር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክርም ፖስቴል አልነካውም፤ ከእርሱ ውጭ የተዘጋጀውን የአገሮች ዝርዝር ተከተለ። ይህን ሳነብ የዕድራችን ጸሐፊ ድቅን አሉብኝ። ጋሼ መዝገቡን ይጽፋሉ፥ ያድሳሉ፥ ይጠብቃሉ። ነገር ግን ከአባል ስም አንዱን በገዛ ፈቃዳቸው ሊሰርዙ አይችሉም። መዋጮው የሚወሰነው በጉባኤ ነው፤ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ይነበባል። መዝገቡን የሚጽፍ እጅ አንድ ነው፤ ደንቡን የሚያወጣ አፍ ግን ብዙ ነው።

ይህ በሰፈር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔቱን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመች። ዛሬ 21 አባላት አሉት፤ 9ኙ ከመንግሥት ናቸው፥ የቀሩት ከነጋዴው፥ ከሲቪል ማኅበራት፥ ከምሁራንና ከባለሙያዎች የመጡ ናቸው። ሕዝቡ ለስም ምዝገባ የሚከፍለው ገንዘብ ተመልሶ ለአገሩ ኢንተርኔት ይውላል፤ በአገር ውስጥ ኔትዎርኮች የሚገናኙበትን መለዋወጫ ይሠሩበታል፥ ከወንጀለኛ ይከላከሉበታል፥ ጥናትም ያጠኑበታል። ጎረቤታችን ኬንያም ኬኒክ የተባለውን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 አቋቁማ መንግሥትን፥ ነጋዴንና ምሁርን በአንድ ቦርድ ላይ አስቀመጠች። ድርጅቱ መዝገቡን ይጠብቃል፤ ስሙን ለደንበኛ የሚሸጡት ግን ፈቃድ ያላቸው ብዙ ነጋዴዎች ስለ ሆኑ ተወዳድረው ይሸጣሉ።

የእኛው ዶት ኢቲ ከኮርፖሬሽኑ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ተላልፎ በእርሱ ይጠበቃል። አገልግሎት ሰጪው አንድ በነበረበት ዘመን ይህ ብዙ ጥያቄ አያስነሣም ነበር። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ። ባለ ሱቆቹ ሁለት ሲሆኑ ሚዛኑ የጋራ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል። ማንንም ለመውቀስ አልጻፍሁም፤ አደራው ሲሰፋ ጉባኤውም ይስፋ ማለቴ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቅሃል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ከክፍሌ ላምጣ።

ገጻችን ከጠፋ በኋላ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍሁና «ድምፁ ሳይለወጥ በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል?» ብዬ ተማሪዎቼን ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ይጻፋል፤ ሁለት ሆነ። ሁለተኛው በሃሌታው ሀ፥ በሐመሩ ሐ፥ በብዙኃኑ ኀ፥ ደግሞም በራብዖቻቸው በሃ፥ በሓና በኃ ይጻፋል፤ ስድስት ሆነ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት ነው። ለአማርኛ መምህር ይህ የቀይ እስክሪብቶ ጉዳይ ነው። ለኮምፒዩተር ግን አሥራ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንድ ቀን አድራሻችንን በገዛ ፊደላችን ስንጽፍ፥ ሌባ የባንካችሁን ስም በሌላው ሐ አስመዝግቦ ቢጠብቃችሁ ማን ይለየዋል?

ፊደላችን በዓለሙ የፊደል ሰንጠረዥ፥ በዩኒኮድ፥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ሌላው ሲከፍተው የተበላሸ ምልክት ይሆንበት ነበር። የዓለሙን ስምና ቁጥር የሚያስተባብረው አይካን ደግሞ ለየፊደሉ አዋቂዎችን ጠርቶ ደንብ እንዲያወጡ አደረገ። የግእዝ ፊደል አዋቂዎች ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች እንደ ተለዋጭ እንዲታዩ ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን አንዱን ጽሕፈት ያስመዘገበ ሰው በሌላው ጽሕፈት አይዘረፍም።

አንባቢዎቼ፥ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው። ለትግርኛ ተናጋሪ ግን አይደሉም፤ አ እና ዐም እንዲሁ ይለያያሉ። እኔ የአማርኛ መምህር ብቻዬን ደንብ ባወጣ የትግርኛን ተናጋሪ ጉዳይ ሳላውቅ እረግጠው ነበር። ኦሮምኛ ደግሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የእርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የቃሉ ርዝመትና የተደጋገመው ፊደል ትርጉም ይለውጣል። ዓይን የማያዩ ሰዎች ገጹ በድምፅ እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ። የገጠር ነጋዴ ክፍያው በብርና በስልክ እንዲሆንለት ይሻል። ሁሉም በጉባኤው ካልተቀመጡ ደንቡ ቅን ሆኖም ጎዶሎ ይሆናል። ሁሉን ያሳተፈ አስተዳደር የሚሉት ነገር ትርጉሙ የገባኝ በዚያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው።

ስለ ጉባኤ ካነሣሁ ሌላ ትዝታ ልጨምር። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አሥራ ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በዚያው በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ግቢ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአቴና የተጀመረው ይህ ጉባኤ መንግሥትንም፥ ነጋዴንም፥ ተማሪንም በእኩል ወንበር የሚያናግር ነው፤ ተመዝግቦ መግባትም ለማንም ክፍት ነው። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ። በአጥሩ ሥር አልፌ ባንዲራዎቹን አይቼ ለፈተና ላጠና ሄድሁ። መግባት እንደምችል የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለተኛ ጊዜ ሳልጠይቅ የቀረሁበት ነገር ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት ግን ትግራይ ውስጥ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ከተቋረጠበት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የተቆረጠው መስመር የተመለሰው ከጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ቀስ በቀስ ነው። በሌላውም የአገሪቱ ክፍል በሰኔ 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ሰሞን፥ ደግሞም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት መቋረጡን ሁላችን እናስታውሳለን። የስም ጠባቂ መዝገብ ቤት የተቆረጠ መስመር ሊቀጥል አይችልም። ይህን እንደሚችል አድርጎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ነገር ግን የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ በአገር ውስጥ ከሌለ፥ የፈተና መምህሩ፥ ነጋዴው፥ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው የደረሰበትን ጉዳት የሚናገርበት ስፍራ አያገኝም። ስም ጠባቂው ከሁሉም ጋር የሚያገናኘው ሥራ ስላለው ይህን ጠረጴዛ ለመዘርጋት የተመቸ ነው። በብዙ አገርም የአገሩን የኢንተርኔት ጉባኤ በገንዘብና በአዳራሽ የሚረዱት ስም ጠባቂዎች ናቸው።

በር መክፈት ማለት ግን ዘበኛ ማባረር አይደለም። ቶከላው የተባሉት የሰላማዊ ውቅያኖስ ትንንሽ ደሴቶች ስማቸው በአንድ የውጭ ኩባንያ አማካይነት ለሚሊዮኖች በነፃ ሲታደል ኖሮ የአጭበርባሪ መሸሸጊያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ነፃ ምዝገባው ቆመ። ስለዚህ ስም የሚወስደው ሰው ማንነቱ ይታወቅ፤ ግን የግል መኖሪያውና ስልኩ ለዓለም አይሰጣ። ስም መሰረዝ ካስፈለገ በታተመ ደንብ፥ በተጻፈ ምክንያትና ይግባኝ በሚባልበት መንገድ ይሁን። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ቢጣሉ የሚዳኛቸው ይኑር፤ ክፍያውም ተማሪ የሚችለው ይሁን። ለአንድ ባለ አደራ ይህ ብዙ አይደለም፤ ዕድራችን ከነጉድለቱ የሚያደርገው ነው።

የእኛስ ድርሻ? ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፥ በየቢሮአችሁ በር ላይ የተለጠፈውን የኢሜይል አድራሻ ተመልከቱ። ስንቱ ነው በአገር ስም የሚያልቀው? ስንቱስ ነው አንድ ሠራተኛ በግሉ የከፈተው፥ እርሱ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት የሚዛወረው ጂሜይል? ባለ ጉዳይ የጻፈው አቤቱታ በማን ሣጥን ውስጥ እንዳለ የማይታወቅበት መሥሪያ ቤት መዝገብ አለው ለማለት ያስቸግራል። እናንተም ተማሪዎች፥ ጉባኤ ሲጠራ ግቡ፤ አስተያየት ሲጠየቅ ጻፉ። «ይህ የኢንጂኒየር ጉዳይ ነው» አትበሉ። ሐ እና ሀ የኢንጂኒየር ጉዳይ ብቻ አይደሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ አባቶቻችን ስለ ድረ ገጽ አያውቁም ነበር፤ ምክሩ ግን ለድረ ገጽም ሠራ።

ዘንድሮ ክበቡ እንደገና ተቋቁሟል። ሊቀመንበሯ ያችው «ስማችንን ማን ሸጠው?» ያለችኝ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ደንብ ማስጻፍ ነበር፤ ስሙ በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ሦስት ጠባቂዎች ተመረጡ፤ የዕድሳቱ ቀን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መዋጮው በየወሩ ተሰብስቦ ሒሳቡ ይነበባል። እኔ ከሦስቱ አንዱ ልሆን ብጠይቅ «ቲቸር፥ እርስዎ አማካሪ ይሁኑልን» ተባልሁ፤ ይገባኛል። በዶት ኢቲ ሥር ለማስመዝገብ የሚቀርበውን ማመልከቻም ራሳቸው ጽፈው ማኅተም አስመትተውበታል። ደብዳቤው አሁን በቦርሳዬ ነው፤ ነገ ጧት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ይዘነው እንሄዳለን። የጎደለ ወረቀት ካለ ምን እንደ ጎደለ እንጠይቃለን። ይህን ጊዜ ሳልጠይቅ አልመለስም።